ከምስሉ በታች የቀረው ነጥብ መዝጋቢ

ሎሬት ቲቦዶ በአሜሪካዋ ሉዊስተን ከተማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ጫማ ሰፍታ ጡረታ ወጣች። ባሏ ኖርማንድ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ፎቶው ሞልቷል። ሲንቀሳቀስ የተቀረጸው ግን አንዴ ብቻ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት በየቅዳሜው በቴሌቪዥን የሚተላለፈው የቦውሊንግ ውድድር ነጥብ መዝጋቢ ታሞ፣ ኖርማንድ ተተክቶ ዋለ።

የድሮ ፕሮግራም የሚያሳየው ጣቢያ ያንን ውድድር እንደሚደግመው ስትሰማ የኖርማንድን ወንድም ሮላንድን ጠራችው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ተጀመረ። ለድሮው ጠባብ ቴሌቪዥን የተቀረጸው ምስል ላይና ታቹ ተቆርጦ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ተጫዋቾቹ ግንባርም እግርም የላቸውም። ነጥብ መዝጋቢ የኳሱን መንገድ እንዳይከልል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ከኖርማንድ የተረፈው ፀጉሩ ነበር። እሱም ላይ የመስሚያ መሣሪያ ማስታወቂያ መጥቶ ተጋደመበት።

«ስፋቱን ቀይረው» አለችው።

ሮላንድ ሪሞቱን ነካካ። ተጫዋቾቹ ቀጠኑ፤ ኖርማንድ አልወጣም።

«ቆርጠው ነው የላኩት። ምን ላድርግ፣ በሙጫ ልቀጥለው?»

«አንተ ደግሞ የምድጃህን ሰዓት እንኳ ማስተካከል አቅቶሃል።»

«እሺ፣ አፍሽን ያዢና እዪ።»

ጨዋታው ሲያልቅ ነጥብ መዝጋቢው ተነስቶ ሁለቱንም ተጫዋቾች ይጨብጣል። ደንብ ነው። ሎሬት ወንበሯን አስጠግታ ጠበቀች። የመጨረሻው ኳስ ተወረወረ። ፀጉሩ ከማስታወቂያው በላይ ብቅ አለ፤ ግንባሩም ተከተለ።

ምስሉ በድንገት የክብሪት ቀፎ አክሎ ጥግ ገባ። የቀረውን ስክሪን የመኪና ማስታወቂያ ያዘው። ጥጉ ላይ የሆነ ሰው ከሆኑ ሰዎች ጋር ተጨባበጠ።

«አየሽው?»

«አላየሁትም። አንተስ?»

ሮላንድ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር።

ሰኞ ጣቢያው ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሑት ነበረች።

«ወይዘሮ ቲቦዶ፣ እኛ ጋ ያለው የተላለፈው ቅጂ ብቻ ነው። ዋናው ፊልም ከተገለበጠ በኋላ ተጥሏል።»

«ማስታወቂያውን አንስታችሁ ብትልኩልኝስ?»

«ከምስሉ ጋር አብሮ ነው የተቀዳው። አይነሳም። በጣም አዝናለሁ።»

በሳምንቱ ቅዳሜ ሮላንድ በሰዓቱ መጣ። ጣቢያው በዚያ ቀን የሚያሳየው ቀጣዩን ውድድር ነው፤ መዝጋቢውም ድኖ የተመለሰው ቋሚው ሰውዬ ነው። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

«ዛሬ አናይም እንዴ?»

«ማንን?» አለችው።