ገመዱን ይዛ ሄደች

የመቱ ከተማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው የአህያ ጀርባ ቁስል ለምን ቶሎ እንደማይድን አይጠይቅም። ከቡሬ በኩል ቡና ጭነው በሚመጡት አህዮች ላይ ከጭነቱ ሥር ያለው ጆንያ ይረጥባል፤ የረጠበው ይፈትጋል፤ የተፈተገው ይቆስላል። በደርግ ጊዜ አንዲት ፈረንጅ ሰፈራችን መጥታ ይህን ቁስል ማጠብ ሥራዬ ብላ ስትይዝ ግን ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ።

ደመወዝ የላትም፤ ከአገሯ የመጣችው በፈቃዷ ነው። ከቀበሌ የተከራየችው ቤትና የእኔ ቤት የሚለያዩት በአንድ አጥር ነበር። ጓሮው ውስጥ የቆርቆሮ ጥላ አቁማ ባለቤት የጣላቸውን አህዮችና ውሾች ታስጠጋለች። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ሳይ ከርሜ አንድ ቀን ውሃ አፍልቼላት ገባሁ፤ በዚያው ለመድኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። እሷ ደግሞ አማርኛን ከእኔ ለቀመች። «እትዬ» ትለኛለች። ብዙም አልበልጣትም ነበር፤ ግን ደስ ስለሚለኝ አላረምኳትም።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሼ እኔን ባዩ ቁጥር ከስፌት መኪናቸው ቀና ይላሉ።

«ሕሙማኑ እንዴት አደሩ?»

«ይመስገን ጋሼ። አንድ አልጋ ባዶ አለ፣ ልያዝልዎት?»

«ሣሩ ጥሩ ከሆነ እመጣለሁ።»

አንድ ቀን ከሶር ወንዝ በኩል አንድ ገበሬ፣ የጀርባዋ አጥንት ሊታይ የደረሰ አሮጊት አህያ እየጎተተ መጣ። «ለጅብ ከምጥላት ብዬ ነው፣ ውሰዷት» አለና ገመዱን ከአንገቷ ፈትቶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገው። ፈረንጇ ግራ ገባት።

«እትዬ፣ ሐሳቡን ለወጠ?»

«አልለወጠም። በእኛ ዘንድ ከብት ሲሰጥም ሲሸጥም ገመዱ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ገመዱ አብሮ ከሄደ የቤቱ ረድኤት ይከተለዋል። ያስቀረው ሰው ደጁ ከብት አያጣም።»

ገበሬው «ዹጋ፣ እውነቷን ነው» ብሎ ሄደ። እሷም ከሻንጣዋ ቀይ የናይሎን ገመድ አውጥታ አህያዪቱን አሰረቻት።

ክረምቱን ሙሉ ያቺን አህያ አስታመምን። ጨው በሟሟበት ውሃ እናጥባታለን፤ ዝንብ እንከለክልላታለን፤ ከዚያ ጥላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እናወራለን። እሷ የእናቷን ቤት ትነግረኛለች፤ እኔ የእናቴን። ከባሌ ሞት ወዲህ ማንም እንደዚያ ተቀምጦ ሰምቶኝ አያውቅም ነበር። አህያዪቱ ከኋላችን መጥታ አገጯን ትከሻዬ ላይ ታሳርፋለች።

ቁስሉ ሽሮ ጠጉር ሲያወጣ የፈረንጇ የመኖሪያ ፈቃድ አልታደሰም ተባለ። ቀበሌውም ቤቱን ፈለገው። የዳኑት አህዮች ለገበሬ ተሰጡ፤ ውሾቹንም ሰው ወሰዳቸው። አሮጊቷ ብቻ ቀረች። «እኔ ጋ ትሁን» አልኩ። አፌ ይህን ይበል እንጂ ልቤ የያዘው ሌላ ነበር። «ትመለሻለሽ?» ብዬ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ አልመለስም ትለኛለች ብዬ ስለፈራሁ ዋጥኩት።

በምትሄድበት ጠዋት አህያዪቱን ራሷ እየሳበች ግቢዬ አስገባቻት። ከዚያ ቀዩን ገመድ ፈታች፤ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው፤ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አቅፋኝ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ጋሼ ከደጃቸው ሆነው «ምነው፣ ገመዷን እንኳ አትተውላትም?» አሉ።

«ይተዋት ጋሼ፣ ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው።»

ያስተማርኳት ገመድ የያዘ ሰው ከብት አያጣም የሚለውን ነበር። ከብቱን ወደተወበት ደጅ ይመለሳል አላልኳትም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያ ያልኳት ይመስል መጠበቅ ያዝኩ። ከጎሬ በኩል የአውቶቡስ ጥሩምባ ሲሰማ አህያዪቱ ጆሮዋን ታቆማለች፤ ወይም እኔ ስለማቆም መስሎኝ ይሆናል።

አርጅታ ግቢዬ ውስጥ ሞተች። እኔ ያሰርኩባትን የቃጫ ገመድ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ሌላ አህያ አላስገባሁም። ዝናብ ሲይዘኝና ቤት ስውል ያንን የተሰቀለ ገመድ አያለሁ፤ ቀዩስ የት አገር፣ ምን ዓይነት ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይሆን እላለሁ።