በምላጭ የተቆረጡ ፊቶች

አዲስ ምላጭ ከቅባታም ወረቀቱ ሲወጣ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ወደ ቤታችን ምድጃ ይመልሰኛል። ዛሬ ጠዋት እርሳስ ልቀርጽ ስፈታው ያው ሆነ። በሥዕል የምተርከውን የሕይወቴን መጽሐፍ የምታርመው ሴት፣ መጽሐፉ መሃል ላይ ያሉት ሰዎች ለምን ፊት እንደሌላቸው ጠይቃኝ ነበር፤ መልሱ ይኸው።

ሕይወቴን መሳል የጀመርኩት ቡራዩ፣ በሒሳብ ደብተሬ ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ለአንድ ገጽ አንድ ሣጥን ይበቃኝ ነበር፤ እኔና ላማችን። ከፍ ስል ገጹን ለሁለት ከፈልኩት፤ ከላይ ቤታችን በኦሮምኛ፣ ከታች እኔና ጓደኞቼ በአማርኛ። የትኛዋ እኔ እንደሆንኩ ስለማላውቅ መሃል ያለውን መስመር ደጋግሜ አደምቀው ነበር።

ተማሪው የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰልፍ የወጣ ቀን ግን መስመሩን ተውኩት። ሁለት ገጽ የሞላ አንድ ሣጥን ሠራሁ፤ ሁላችንም አለንበት፣ እኔም መሃል። ጉረኛ ነበርኩና የእያንዳንዱን ፊት ቁርጥ እሱን አድርጌ ሣልኩት።

በማግስቱ ቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ ሲባል አባቴ ደብተሬን ገለጠ። «ይሄ የወፍጮ ቤቱ ልጅ አይደል?» አለኝ። ነው አልኩት። የሌሎቹንም ማንነት እየጠቆመ ቀጠለ፤ አንዱንም አልሳተም። ሥዕሌን አይቶልኝ ስለማያውቅ ደስ ብሎኝ ፈገግ አልኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ካወቅኋቸው እነሱም ያውቋቸዋል» አለኝ።

ደብተሩን እንዳለ ሊያቃጥለው ነበር። አልቅሼ ስለምነው ፊቶቹ ብቻ እንዲቃጠሉ ተስማማና ምላጭ ሰጠኝ። እየቆረጥኩ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩ። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ላይ ስደርስ ምላጩን አስቀመጥኩና መልሼ አነሳሁት፤ እሱንም ጨመርኩት። ፈታሾቹ መጥተው ደብተሩን አገላብጠው ጥለውት ሄዱ። ተረፍን ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ያ ልጅ ገፈርሳ መንገድ ላይ በጥይት መሞቱን ሰማን። ዕንባ እንኳ አልመጣልኝም።

ከቀብሩ በኋላ እናቱ ቤታችን መጡ። ስልኩ አብሮት ጠፍቷል፤ እሳቸው ዘንድ ያለው የሕፃንነቱ ፎቶ ብቻ ነው።

«አንቺ ሥለሽዋል አሉኝ፤ እስቲ አሳዪኝ» አሉኝ።

አባቴ ፊቱን አዞረ። በገዛ እጄ አቃጠልኩት ማለት አቅቶኝ ደብተሩን ከፈትኩላቸው። እዚያው ልሥለው እርሳስ አነሳሁ፤ መልኩ አልመጣልኝም። እስከ ዛሬም አልመጣልኝም። እሳቸው ግን ከቀዳዳው በታች የሣልኩትን የተጠቀለለውን የሹራቡን እጅጌ በጣታቸው ዳሰሱት።

«የሰልፉ ዕለት ጠዋት እኔ ነኝ የጠቀለልኩለት፤ ረዝሞበት ነበር» አሉ።