የቀኝ መስመሩ ባንታየሁ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባንታየሁ የኳስ ጫማውን አውጥቶ የደረቀውን ጭቃ በቢላ ጫፍ መፈቅፈቅ ሲጀምር ሚስቱን ሚዛንን ፍርሃት ይይዛታል። ሌላው ሰው ነገ እሑድ ነው ብሎ ደስ ይለዋል። እሷ ግን ነገ እሑድ ነው ስትል የያዘችው ሥራ ይጠፋባታል፤ ጨው የጨመረችበት ድስት ላይ መልሳ ጨው ትጨምራለች።

ፍርሃቱ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። ባሏ ከሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲያነሣ ወደቀ። የሥራ ጓደኞቹ ደግፈው ፓርክላንድስ የተባለው የናይሮቢ ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰዱት፤ እሷም ሽርጧን ሳታወልቅ ደረሰች። ሐኪሙ ሽማግሌ ሕንዳዊ ነበር። ደረቱን በመሣሪያ ካየ በኋላ ልብህ ከመጠኑ በላይ ትልቅ ሆኗል አለው። መድኃኒት ጻፈለት። መራመድ ትችላለህ፣ መሮጥ ግን ከእንግዲህ የለም አለ። ሚዛን ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ሰው ቤት የገባች ሴት ናት፤ እንግሊዝኛዋ ከገበያ አያልፍም። ቢሆንም "ኖ ራኒንግ" የሚለውን ለመስማት ትምህርት አያስፈልግም። ሐኪሙ ጣቱን እያወዛወዘ ነበር የተናገረው።

ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ባንታየሁ እጇን ጨበጠ።

"ለማንም አትናገሪም።"

"እንዴት አልናገርም? ቢያንስ የቡድኑ ልጆች…"

"ሚዛን፣ በሚካኤል በይ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ልትሞትብኝ ነው እንዴ?"

"ጥሩሰውን አይተሽዋል አይደል? በሚካኤል በይ።"

አይታዋለች። ጥሩሰው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሳቁ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። ኩላሊቱን ሲታመም በየሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ ስሙ ለመዋጮ ይጠራ ጀመር። ሰዉ ከልቡ ነው የረዳው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ከዚያ ወዲያ ያገኘው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ትከሻውን ዳብሶት ያልፋል። የሚቀልድበት ጠፋ፣ የሚከራከረው ጠፋ። ቆሞ እየሄደ ለቅሶ ተቀመጡለት። ባንታየሁ የፈራው ይህን ነው። እሷ የፈራችው ደግሞ ሞቱን ነው። በመጨረሻ እንደ ሁልጊዜው እሷ ተሸነፈችና ማለች።

እሱም መጫወቱን ቀጠለ። "እኔ እኮ ቀኝ ተከላካይ ነኝ። ከኋላ ቆሜ ነው የምውለው፤ መቼ እሮጣለሁ?" ይላታል። ግማሹ እውነት ነበር። ባንታየሁ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው። የሁርሊንግሃም ሰፈር ኢትዮጵያውያንን የኳስ ቡድን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቦታው ቀኝ ጥግ ነው። የመሐል መስመሩን የሚሻገረው ጨዋታው አልቆ ሊጨብጥ ሲሄድ ብቻ ነው እያሉ ይስቁበታል። በሱ በኩል ግን የሚያልፍ አልነበረም። ቢሆንም ከኋላ የሚቆምም ሰው ፈጣን አጥቂ ሲመጣበት መሮጡ አይቀርም። ሚዛን በየእሑዱ ሜዳው ዳር ቆማ ኳሱን ሳይሆን የባሏን ደረት ስታይ ትውላለች። ማን እንዳሸነፈ እንኳ የምትሰማው ቤት ስትገባ ነው።

የጀርመኑ የዓለም ዋንጫ ዓመት ነበር። ሚዛን ወጥ ቤት ሆና የምትሠራበት ምግብ ቤት አርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ላይ ነው፤ ያን ሰሞን ቴሌቪዥኑ ሳይጠፋ ይውላል። ከሁሉ የሚጮኸው ካሣሁን የሚባለው ታክሲ ነጂ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠረጴዛውን እየደበደበ ተነሣ።

"ከኋላ ተገትሮ የሚውል ተከላካይ አበቃለት! የዛሬ ተከላካይ ተመላላሽ ነው። ወጥቶ ያጠቃል፣ ተመልሶ ይከላከላል። እንደ ማታቱ ታክሲ ከጫፍ ጫፍ!"

"እንደ ማታቱማ ከሆነ መሐል መንገድ ላይ ይበላሻል" አለው ሂሻም፣ ከኢስሊ ገበያ ጨርቅ እያመጣ የሚያከፋፍለው።

"የሚገተረውስ ምንድን ነው? አስካሪ ነው በር የሚጠብቅ?"

"አስካሪ የሌለው ግቢ ናይሮቢ ውስጥ አሳየኝና እኔም ተከላካዬን አባርራለሁ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዱ ካሣሁንን ጎሸም አደረገው። "ባንታየሁን ነው የምታማው አይደል? ሚስቱ እኮ ጓዳ ናት፤ ወጡን ታቀጥንብሃለች።"

"እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቆጣ ነበር። ያን ቀን ግን ጭልፋዋን እንደያዘች ምግብ በሚወጣበት መስኮት በኩል ጆሮዋን ሰጠች። ቡድኑ እንዲህ ያለ ሰው አያስፈልገኝም ካለ ባንታየሁ የሚወጣው ታሞ ሳይሆን ጊዜ አልፎበት ነው። ይናደዳል፤ ይናደድ። ካሣሁን ይቀልድበታል፤ ይቀልድ። ማንም ትከሻውን አይዳብስም። እሷም መሐላዋን አላፈረሰችም። የታዘዘውን ቅቅል ራሷ ይዛ ወጣችና ካሣሁን ፊት አስቀመጠችው።

"እስቲ በደንብ አስረዳኝ" አለችው። "ከኋላ ሲቆም ጥፋቱ ምንድን ነው?"

ካሣሁን ማሾፏ መስሎት ፊቷን አየ። ከዚያ የጨው ዕቃውንና የሚጥሚጣውን ሳህን ሜዳ አስመስሎ ደረደረ፤ አንድ ሰው ከኋላ ሲቀር ከፊት አንድ ሰው እንደሚጎድል፣ ባላጋራም ያን አውቆ እንደሚዝናና አሳያት። ቃል በቃል ያዘችው።

አሠልጣኙ ሕዝቅያስ ነበር፤ ትንሽ ልጅ ሳለ መጥቶ ናይሮቢ ያደገ፣ እዚያው መንገድ ላይ ኢንተርኔት ቤት ያለው ወጣት። እርስዎ ማለት አልለመደም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ አንቺ ይላል፤ ለማክበር የሚጨምረው ጋሼና እትዬን ብቻ ነው። ሚዛን ሥራ ስትጨርስ ሄዳ ከኮምፒውተሮቹ ኋላ አገኘችው። 

"ሕዝቅያስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዝም ብሎ ከኋላ የሚቆም ተከላካይ አሁን ምን ያደርጋል? ጊዜው አልፎበት የለም እንዴ?"

ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ። "እትዬ፣ አንቺ ኳስ ታያለሽ?"

"እሰማለሁ። አንድ ሰው ከኋላ ከቀረ ከፊት አንድ ይጎድላል። ባላጋራም ይዝናናል።"

"ኤግዛክትሊ!" ከወንበሩ ተነሣ። "ዓመት ሙሉ ይህን ነው የማስበው! ጋሼ ባንታየሁን ፈርቼ ነው። እሱ ያቋቋመው ቡድን ነው፤ እኔ ምን ብዬ…"

"አትፍራ። እኔ ሚስቱ ነኝ፤ እኔው ነኝ የምልህ። ይበቃዋል።"

"ሳዋ እትዬ፣ እሺ። ለኔ ተይው።"

ያን ማታ ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትባንን አደረች።

ሐሙስ ዕለት ባንታየሁ እያፏጨ ገባ። ሲያፏጭ ከሰማችው ቆይታለች።

"ሕዝቅያስ ምን አለኝ መሰለሽ?" አለ ጫማውን ሳያወልቅ። "ጋሼ፣ ከእንግዲህ ከኋላ መቆም የለም አለኝ። መስመሩ በሙሉ ያንተ ነው፤ ወጥተህ አጥቃ፣ ተመልሰህ ተከላከል። ኦቨርላፕ ይሉታል። እግርህ ገና ወጣት ነው አለኝ! እኔን ያረጀ ሲያደርጉኝ አልነበር? ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ።"

የያዘችው ሰሃን ወደቀ። አጎንብሳ ስብርባሪውን ስትለቅም ፊቷን ከሱ ደበቀች። በገዛ አፏ ነው የላከችው። ሌላ ማንም አይደለም።

በማግሥቱ ሕዝቅያስ ጋ ሮጠች። "እኔ እኮ አስወጣው ማለቴ ነበር!"

"ምን? ጋሼን? ኖ፣ ኖ! እትዬ፣ አሳቡን የሰጠሽኝ አንቺው ነሽ። እሱ ሲወጣ ደግሞ ከኋላው የሚሸፍን አማካይ አለኝ፣ አትጨነቂ።"

"ዕድሜው…"

"አርባ ሁለት ምን አላት? እኔን በትከሻ ሲገፋኝ እበራለሁ።"

ተመልሳ እየሄደች ሁለት ጊዜ ቆመች። ተመልሼ ሕመሙን ልንገረው አለች። ከዚያ ሚካኤል ትዝ አላት፤ ባሏም በታክሲው ውስጥ ያያት አስተያየት ትዝ አላት፤ መንገዷን ቀጠለች።

እሑድ ከሳውዝ ሲ ሰፈር ቡድን ጋር ነበር ግጥሚያው። ሜዳው ሣሩ አልቆ ቀይ አፈር የቀረው ነው። ከቅዳሴ የመጣው ሰው በነጭ ልብሱ ዙሪያውን ቆሟል። ባንታየሁ ገና እንደተጀመረ ኳስ ተቀብሎ ወጣ። የመሐል መስመሩን ሲያልፍ ሕዝቡ አብዶ ጮኸ።

"ባንታየሁ ተሻገረ! ዛሬ ዝናብ ይዘንባል!" ካሣሁን ነበር።

ሚዛን ዓይኗን ከባሏ አላነሣችም። እየሮጠ ወጣ፤ እየሮጠ ተመለሰ። እንደገና ወጣ። ሲመለስ አፉን ከፍቶ ነበር። ልቧ በጆሮዋ ውስጥ ይመታ ጀመር፤ የሱ ይሁን የሷ መለየት አቃታት። ደግሞ ወጣ፤ አሻማ፤ ወገኖቹ ለጥቂት ሳቱ። ሊመለስ ዞር ሲል ቆመና እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ደገፈ። አጠገቧ ነበር የቆመው። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

መስመሩን እንዴት እንዳለፈች አታውቅም። ኬንያዊው ዳኛ ፊሽካውን ነፋ። "ማማ! ቶካ! ውጪ፣ ማማ!"

"ልቡ ታሟል" አለች። የሰማት የለም። ደገመችው፤ አሁን ጮኸች። "ልቡ ታሟል! ሐኪም እንዳይሮጥ ከልክሎታል! ተዉት!"

 ባንታየሁ ቀና አለ። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ዓይን አላየችም።

"ውሸቷን ነው" አለ ቁና ቁና እየተነፈሰ። "ፈርታ ነው። ሴት ናት። ቀጥሉ።"

"ጋሼ፣ እሷ የምትለው…" አለ ሕዝቅያስ።

"ቀጥል አልኩህ!"

ተጫዋቾቹ እሱንም እሷንም እያዩ ተገተሩ። አንዱ ኳሱን አነሣ። ሊቀጥሉ ነው።  ሚዛን ባሏ በሚሮጥበት በቀኝ መስመር ላይ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ እንዳለች፣ ቀዩ አፈር ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ እንኳ አልመጣላትም። ደክሟት ነበር።

ዳኛው እጁን ሰቀለ። ባንታየሁ መጥቶ በላይዋ ቆመ።

"ተነሺ። ሰው እያየን ነው።"

"ይየን።"

"ምለሽልኝ ነበር፣ ሚዛን።"

"ምዬ ነበር። ሚካኤል እንደፈቀደ ያድርገኝ።"

"ተነሺ ብያለሁ!"

"አንተ ስትወጣ።"

ትንፋሹ ያፏጭ ነበር፤ ትሰማዋለች። አንድ ነገር ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ አየር አጠረው። ያን ጊዜ እሱም እንደፈራ ፊቱ ላይ አየች። እሱን ፈርቶ ከማየት የከፋ ነገር የለም ትል ነበር፤ አሁን ግን ተመስገን አለች። ባንታየሁ ማልያውን አውልቆ ሚናስ ለሚባለው ወጣት ወረወረለትና ወጣ።

የፈራው ሁሉ ወዲያው ደረሰበት። አንዱ ወንበር አመጣ፤ ሌላው ውሃ፤ ሌላው ጋቢ አለበሰው። ካሣሁን፣ ያ ጯሂ፣ ቀስ ብሎ መጥቶ ትከሻውን ዳበሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አይዞህ ወንድሜ" አለ። ባንታየሁ ሚዛንን አያት። ዓይኗን አልሰበረችም። ለወራት እንደማይታረቃት ታውቃለች። እሷ የምታየው ከንፈሩን ነበር፤ አመዱ ቀስ በቀስ ይለቅ እንደሆነ።

ጨዋታው ቀጠለ። ሚናስ እንደ ተመላላሽ ደንብ እየበረረ ይወጣል፤ ይሸፍናል የተባለው አማካይ አይደርስም፤ የሳውዝ ሲ አጥቂ በባዶው ቀኝ ጥግ ገብቶ አገባ። ትንሽ ቆይቶ እዚያው በዚያው ደገመው። ሕዝቅያስ እየሮጠ መጥቶ ባንታየሁ ወንበር አጠገብ ተንበረከከ።

"ፖሌ ጋሼ፣ ይቅርታ። ግን… ቀኙ ተከፍቷል። ምን ላድርግ?"

ባንታየሁ ባዶውን ቀኝ ጥግ አየ። ሚዛን የማይመልስለት መሰላት።

"ተጠባባቂውን አብዱልፈታን ቀኙ ጥግ ላይ አስገባ" አለ በመጨረሻ። "ከመሐል እንዳያልፍ ንገረው። ኳሱን ሳይሆን ሰውየውን ይይ። ሚናስ የሚወጣ ከሆነ ከፊቱ ይጫወት። ሁሉም ከወጣ ማን ይቀራል?"

ሌላ ጎል አልገባባቸውም። ቢሆንም ተሸነፉ።

ካሣሁን በታክሲዬ ላድርሳችሁ ሲል ባንታየሁ እምቢ አለ። ወደ ማታቱ ማቆሚያው በእግሩ ሄደ፤ ሚዛን ቀሚሷ አፈር እንደሆነ ከኋላው ተከተለች።  እርምጃውን ብቻ ታያለች። ሞምባሳ መንገድ ዳር ሲደርሱ ቆመና እጁን አንድ አጥር ላይ አሳረፈ። ሊወድቅ ነው ብላ ደረሰችበት።

"ትንሽ ልረፍ" አለ። ለሷ ይሁን ለራሱ አልታወቃትም።

ቦርሳውን ከትከሻው ስትቀበለው አልከለከላትም። መኪናው ያልፋል፤ ኮንዳክተሮች ይጣራሉ። እሷ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች፣ እስኪበቃው ቆመች።