የጋሽ ማርቆስ የፈረሰ ቤት

የጋሽ ማርቆስ ቤት መፍረሱን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሽ ማርቆስ ናቸው።

"እህት ጽጌ፣ ቆርቆሮ ልቀይር ፈቃድ ብጠይቅ፣ 'ለፈረሰ ቤት ጥገና አይፈቀድም' አሉኝ። እኔ ግን ትናንትም እዚያው ነው ያደርኩት።"

ፋይሉን ገለጥኩ። "ፈርሷል" ይላል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ከደብረ ታቦር ተመድቤ ሚዛን ተፈሪ መሬት ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቡድን መሪው አንድ ሜትር፣ አንድ ጣሳ ቀይ ቀለምና የካሳ ግመታ ቅጽ አስረከቡኝ። ለሕዝብ ጥቅም በሚለቀቅ ይዞታ ላይ ያለውን ቤትና የቡና ተክል መዝግቤ፣ ግድግዳው ላይ ምልክት እቀባለሁ። መንገድ ሊሰፋ ሲባል የጋሽ ማርቆስንም ቀባሁ።

"ሪፖርቱ ዛሬ ይወጣል፤ ዶዘሩ ሰኞ ይገባል። ፈርሷል ብለሽ ዝጊው" አሉኝ መሪው። ዘጋሁት። ሰኞ ዶዘሩ አልመጣም። ፕላኑ ተቀይሮ መንገዱ በወንዙ ማዶ አለፈ። ካሳውም አብሮ ቀረ። የእኔ ጽሑፍ ብቻ አልቀረም።

መሪው ዘንድ ገባሁ።

"የተዘጋ ፋይል አይነካም፣ ወይዘሮ ጽጌ።"

"ክረምት እየገባባቸው ነው እኮ! ቆርቆሮው ወንፊት ሆኗል።"

ፋይሉን ወደ እኔ ገፉት። "ካስቸገረ ቤቱን ማፍረስ ነው። ያኔ ፋይሉ ትክክል ይሆናል።"

እየቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ።

"ቤት አፍርሰሻል?"

"አላፈረስኩም፣ አባ።"

"ታዲያ ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው?"

"ፈርሷል ብዬ ፈርሜ ነው።"

"እንግዲያው መልሰሽ ሥሪው" አሉኝ።

ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ፣ የቀበሌው ኮሚቴና ጎረቤቶች ቤቱ መቆሙን በዓይናቸው አይተው ቃለ ጉባኤ እንዲፈርሙ ተፈቀደ። የሄድን ቀን ዶፍ ዝናብ ጣለ። ሁላችንም ሮጠን ገባን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ብቻ ደጅ ቀረ።

"ቤቱ መኖሩ ሳይረጋገጥ መግባት ይቻላል?"

"አንተ ከውጭ አረጋግጥ" አሉት ጋሽ ማርቆስ፤ "እኛ ከውስጥ እናረጋግጣለን።"

ኋላ እሱም ገባ። ስድስት ሰው ፈረመ። ብዕሩን ሳላስቀምጥ ጣሪያው ውሃውን ጠረጴዛው ላይ ለቀቀው፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ተቦጫጨቀ። ቤቱ ጣሪያ እንዳለው የሚመሰክረውን ሰነድ ያበላሸው ጣሪያው ነው። ቢሮው "የማይነበብ አንቀበልም" አለ።

ጡረታዬ ደርሷል። አገሬ ከመግባቴ በፊት ይህን መጨረስ እፈልጋለሁ። ለጀማሪዎች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሊሆን ነው የተባለውን ሆነ ብላችሁ አትጻፉ።

በዚያ ቀን የፈረማችሁ ስድስታችሁ፣ አዲሱ ቃለ ጉባኤ እጄ ላይ ነው። እባካችሁ ኑና ድጋሚ ፈርሙልኝ። የምንፈርመው ግን ቀበሌው አዳራሽ ነው፤ እዚያ አያፈስም።