ዘፈኑን ከታች ማንሳት

በሰፈራችን በእሪ በከንቱ ሠርግ ሲኖር ዘፈን አውጪዋ እኔ ነኝ። ሴቶቹ ይቀበሉኛል፣ ከበሮው ይከተለኛል። ጉራ አይሁንብኝና፣ ላይ የሚወጣው ድምፄ አፍንጮ በር ድረስ ይሰማል ይሉኝ ነበር።

ታዲያ ዓምና ክረምት አንድ ጉንፋን ያዘኝና ሁለት ወር አልለቅ አለኝ። ሲለቀኝም የላይኛውን ድምፄን ይዞት ሄደ። የታችኛው አለ፤ ከፍ ላድርገው ስል ግን እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል። ይባስ ብሎ ልጄ ልትዳር ነው። "እማዬ፣ አትጨነቂ፣ ዲጄ አለ" አለችኝ። ለእኔው አስባ ነው፤ ቢሆንም አንጀቴን አሳረረችው። የሰው ልጅ ሁሉ በዘፈኔ ድሬ፣ የገዛ ልጄን በዲጄ?

ዝንጅብል በማር፣ ጥሬ እንቁላል፣ ዳማከሴ፣ ምን የቀረ አለ! አልሆን ሲለኝ በጩኸት ላስመልሰው ሞከርኩ፤ ጭራሽ ተዘጋ። በወጣትነታቸው በኦርኬስትራ የዘፈኑ አዛውንት ጎረቤቴ ጩኸቴን ሰምተው አጥሩን ተደግፈው ቆሙ።

"አንቺ፣ ከጉሮሮሽ ጋር ተጣልተሻል እንዴ?"

"ምን ላድርግ ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።"

"አፍሽን ግጠሚና ከታች አንጎራጉሪ። ጉሮሮሽን መቆርቆር ሲጀምርሽ ወደ ታች ተመለሺ። በማግስቱ ትንሽ ከፍ። ደግሞ ዘፈን ስታወጪ ከጣሪያ ነው የምትጀምሪው። ከጣሪያ የጀመረ ወዴት ይወጣል?"

እውነታቸውን ነው። እኛ አውጪዎች እልኸኞች ነን፤ የሌላ ሰፈር አውጪ እንዳትበልጠን ገና በመጀመሪያው ቃል እንጮሃለን።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ የፒያሳን ዳገት እም... እያልኩ እወጣው ጀመር። የታክሲ ተራ አስከባሪው "ማዘር፣ ቫይብሬት ላይ ነሽ እንዴ?" ብሎ ሰልፈኛውን አሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ፣ እም ማለቴን ግን አልተውኩም። በሦስተኛው ወር ልብስ ሳሰጣ ያ ድምፅ ሳልጠራው መጣ። ቢቀጥንም የእኔው ነው። ደስታዬን ለጋሼ እንኳን ሳልናገር ያዝኩት።

በሠርጉ ቀን፣ ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል፣ ዲጄው ገና ገመዱን ሲፈታ ከበሮውን አስመታሁና ዝቅ አድርጌ አወጣሁ። ሴቶቹ ተያዩ፤ "አለቀላት" ያሉ መሰለኝ። ደገምኩ፣ ትንሽ ከፍ። አሁንም ደገምኩ። በአራተኛው ለቀቅኩት። እልልታው ቤቱን አናጋው፣ ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ነው የምትወጣው። ያቺ "ዲጄ አለ" ያለችኝ ልጄ ግን በሩ ላይ ቆማ ቀና አለች።

"እማዬ፣ ድገሚው!"

ደገምኩላት።