ፋጡ ያልጠራችው ስም

ከአሰላ ቁልቁል ወርዶ በወንዙ ዳር መሄድ ለማንም አይከብድም። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፤ ከድልድዩ እስከ ፏፏቴው ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እሑድ ከሰዓት የከተማው አስተማሪዎችና ጸሐፊዎች ለሽርሽር ሲወርዱ፣ እዚያው ቄጠማ የምታጭደውን ባልቴት ፋጡን አስከትለው ይሄዱ ነበር። እሷ ወሬውን የማታውቀው ድንጋይ አልነበረም።

«ይቺ ኩሬ ሙሽራ ወስዳለች» ትላለች። ላልወደደችው ሰው የተዳረች ልጅ ከነጌጧ ገብታ ቀረች፤ ጭጋግ በወረደ ቀን እልልታዋ ይሰማል። ከኩሬው በላይ የፈረስ ኮቴ የታተመበት አለት አለ። ከዚያ ደግሞ ሁለት ጎሳዎች ደም ያደረቁበት ዋርካ። ከዋርካው ቀጥሎ ባለችው ለምለም መስክ ላይ ግን የቆመውን ድንጋይ በአገጯ አሳይታ፣ «እዚህ የቤታችን ትልቅ ሰው አርፈዋል» ብቻ ብላ ታልፋለች። ማን እንደሆኑ ቢጠይቋትም አትመልስም።

የባሏ አባት ናቸው። ምራት የአማቷን ስም በአፏ አትጠራም፤ በአገሯ ደንብ ይህ ነውር ነው። ፋጡ ደንቡን የጠበቀችው ፈርታ አልነበረም። በመጀመሪያ ምጧ ሦስት ቀን ስትማቅቅ፣ ሽማግሌው በቃሬዛ አሸክመው በዝናብ አሰላ ድረስ አድርሰዋታል፤ ልጇ ሀጂራ የተረፈችው በእሳቸው ነው። ለዚህ ውለታ መክፈል የቻለችው ስማቸውን አርባ ዓመት ማክበር ነበር።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት፣ መሬት ለክተው ባለቤቱን የሚመዘግቡ ቀላድ ጣዮች መጡ፤ ባለቤት ያልተገኘለት መሬት ለመንግሥት ይሆናል። የሳጉሬ ገበያ ቀን ስለነበር በመንደሩ የቀረ ሰው አልነበረም። ጸሐፊያቸው ገብረ መድህን ወንዙን የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ፋጡን አገኘ። እሷም እንደ ለመደችው እየመራች፣ ይሄ የእገሌ፣ ያ የእገሊት እያለች አስመዘገበች። የጎረቤቶቿን መሬት ሁሉ በአፏ አተረፈች ማለት ነው። በመጨረሻ መስኳ ላይ ደረሱ።

«ይቺስ የማን ናት፣ እማማ?»

«የኛ። ባሌ ሁሴኖ ነበር፣ አላህ ይማረው።»

«ሁሴኖ ማን? እዚህ አገር ሁሴኖ ስንት ነው? ግብሩ በማን ስም ነው የሚገባው?»

«በአባቱ።»

«ታዲያ የአባቱን ስም ይንገሩኛ፤ ከመዝገቡ ላይ እፈልገዋለሁ።»

ፋጡ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። ጸሐፊው የረሳችው መስሎት ጠበቀ፤ ኋላ ግን ነገሩ ገባው።

«ያ ረቢ! እንዴት እላለሁ?» አለች። «ልጄ፣ አንተ አንብብ። ሲደርስ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።»

ገብረ መድህን ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ይረገም ነበር። መዝገቡን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። አንዱን ገጽ ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ጀመረ። ፋጡ ትንፋሿን ውጣ ከንፈሩን ታያለች። ይኼኔ በጭላሎ ተራራ በኩል ሰማዩ ነጎደ፣ ወፋፍራም ጠብታዎችም ወረቀቱ ላይ ወደቁ። መዝገቡን ዘግቶ ኮቱ ውስጥ ሸሸገው።

«እማማ፣ አንዴ ይበሉት። እኔና እርስዎ ብቻ ነን የምንሰማው።»

«እሳቸውም አሉ» አለች፣ ድንጋዩን እያየች።

ጸሐፊው ተንፍሶ ጻፈ፤ ባለቤቱ ያልታወቀ። ቀላድ ጣዮቹ እየሮጡ ሄዱ። በማግስቱ ጎረቤቷ ሀሰኖ አሰላ ወጥቶ ስሙን ቢናገር፣ «ወረቀቱ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት አልፏል» ብለው መለሱት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ሰሚ አላገኘም።

በዓመቱ መስኳ ለአንድ ጡረተኛ ባለማዕረግ ተሰጠች። በሬዎች ገቡባት። ድንጋዩ ተነቅሎ የአጥሩ ማዕዘን ሆነ፤ መቃብሩም ታርሶ ገብስ ተዘራበት። ሀጂራ ከኢተያ መጥታ፣ «እማ፣ አንድ ቀን ብትይው ምን ነበረበት?» ብላ አለቀሰች። ፋጡ በዚያ አንድ ክረምት አረጀች።

ሽርሽረኞቹ ግን መምጣታቸውን አልተዉም። አንድ እሑድ ወይንሸት የምትባል አዲስ አስተማሪ አጥሩ ጥግ ቆማ፣ ፊደል ሳይሆን ጌጥ የተቀረጸበትን ድንጋይ በእጇ ዳሰሰች።

«ይሄ የመቃብር ድንጋይ አይደል? የማን ነው?»

ፋጡ ገብሱን አየችው። ከሥሩ የሚከበር ነገር አልቀረም።

«ቱሳ» አለች። «ቱሳ ይባላሉ፣ የባሌ አባት።»

ስሙ ምንም ሳያደናቅፋት ወጣ። ወንዙ እንደወትሮው ይወርዳል። እንዲህ ቀላል መሆኑ አንጀቷን አቆሰለው።

«እንዴት ያለ አጭር ስም ነው!» አለች ወይንሸት፣ ወደ ፏፏቴው እየሄደች።

ፋጡ አልተከተለቻትም። አጥሩ ሥር ተቀምጣ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና፣ «ይቅር በሉኝ» አለች። ለመጥራቷ ይሁን ላለመጥራቷ፣ እሷም አላወቀችም።