እትዬ ሚዛን የሳቱት ግራም

እትዬ ሚዛን አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ሲፈልጉ አይጋፉም። ማንም ሳይደውልላቸው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፉና «ዛሬ ስድስት እንግዴ ልጅ ቆራርጬ ክንዴ ዛለ» ይላሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው መውረጃው ወዲያው ይደርሳል።

ውሸታቸው ግን አይደለም። በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ከማዋለጃ ክፍል በባልዲ የሚመጣውን እንግዴ ልጅ ተቀብለው፣ መዝነው፣ ለምርመራ የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ሌላው ሰው የሚጣል ነገር ይመስለዋል። እሳቸው ደግሞ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሕፃኑን ሲያበላና ሲያስተነፍስ ከርሞ አመስጋኝ ያጣ ሠራተኛ ነው ይሉና «ልክ እንደኔ» ብለው ይጨምሩበታል።

«ሚዛን» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላቸው የላቦራቶሪው ዶክተር ነው። ሚዛኑ ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት በእጃቸው አንስተው ግራሙን ይገምታሉ፤ የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል። በሃያ ሁለት ዓመት ከአሥር ግራም በላይ ስተው ስለማያውቁ ሻይ ገዝተው አያውቁም።

ሴት ልጃቸው በእርግዝናዋ ሰባተኛ ወር ቫይረስ ይዟት አምስት ቀን በትኩሳት ስትነድ ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። ባሏንም «ብትነግራት ወዮልህ፤ ቴርሞሜትሯን ይዛ መጥታ እኛው ቤት ትከርማለች» ብላ አስማለችው።

ጉዱ የወጣው ስትወልድ ነው። ሕፃኑ ወሩን ጨርሶ በጣም አንሶ ተወለደና ማሞቂያ ክፍል ገባ። ቫይረሱ ወደ እሱ ተሻግሮ እንደሆነ ለማወቅ ደሙ ተቀዳ። ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «እኔ ነኝ የጎዳሁት» ከማለት በቀር ሌላ ወሬ አልነበራትም።

የዘመድን ባልዲ ዘመድ አይከፍትም፤ ደንብ ነው። ደንቡን ያረቀቁት ግን እትዬ ሚዛን ራሳቸው ስለሆኑ ቀዳዳውን ያውቁታል።

የልጃቸው እንግዴ ልጅ ላቦራቶሪ ሲደርስ «አልቆርጥም፤ ላንሳው ብቻ» አሉት ዶክተሩን።

ዶክተሩ መስኮቱን የሚያይ መስሎ ዞር አለላቸው። አነሱት።

«አምስት መቶ ሃያ» አሉ፣ አፋቸውን ሞልተው።

ሚዛኑ ሦስት መቶ አርባ አለ። ሚዛኑን ቸብ ቸብ አደረጉት፤ ያው ሦስት መቶ አርባ። በርጩማው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ወሩን የጨረሰ ጤነኛ እንግዴ ልጅ አምስት መቶ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ እንደዚያ ፈርተው አያውቁም።

ዶክተሩ ስለ ሻዩ አላነሳም። ቆረጠው። ውስጡ እዚህም እዚያም ነጥቶ ጠጥሯል።

«ቫይረሱ እዚህ ድረስ ገብቷል» አለ። «ደም የሚያልፍበትን መንገድ ዘግቶ ልጁን ምግብና አየር አሳጥቶታል፤ ያነሰው ለዚህ ነው። ጤነኛ የቀረውም ብዙ ነው፣ እትዬ። ልጁን እስከ ወሩ ያደረሰው እሱ ነው። መሻገር አለመሻገሩን ግን ከዚህ አላውቅም፤ የደሙን ውጤት እንጠብቅ።»

ውጤቱ በማግስቱ ከምሳ በፊት መጣ። መሮጥ ከተዉ አሥር ዓመት የሆናቸው እትዬ ሚዛን ደረጃውን እየሮጡ ወጡት።

«አልተሻገረም» አሉ፣ በሩ ላይ እንደቆሙ። «ልጁ ነፃ ነው።»

ልጅቱ ዞራ አየቻቸው። «እንግዴ ልጁስ?»

«እሱማ ተጎድቷል። አንቺ በሽታውን ጠርተሽ አላመጣሽውም፤ ጥፋት የለብሽም። እኔን የደበቅሽኝን ግን ስትድኚ እንነጋገራለን።»

«ስንት መዘነ?»

እትዬ ሚዛን የአልጋውን አንሶላ ማስተካከል ጀመሩ። «ሦስት መቶ አርባ። እኔ... አምስት መቶ ሃያ ብዬ ነበር።»

«መቶ ሰማንያ ግራም ሳትሽ? አንቺ?» ልጅቱ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። የእናቷን እጅ ያዘች። «እማዬ፣ እንደዚህ ፈርተሽልኝ ነበር?»

«ሻይም አስከፍሎኛል» አሉ እትዬ ሚዛን።

የማሞቂያ ክፍሉ ነርስ ሕፃኑን አቅፋ ገባች። ዝናቸውን ሰምታለችና «እስቲ ይገምቱት» ብላ ሰጠቻቸው።

እትዬ ሚዛን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ነርሷ ጠበቀች፤ ልጃቸውም ጠበቀች።

«አልገምትም» አሉ፤ ሕፃኑንም አልመለሱላትም።